የሶራ ሴቲሚያ ቁልፍና የኖቬምበር እንግዶች

ሶራ ሴቲሚያ ጠዋት ዐይናቸውን ሲገልጡ መናደድ ይጀምራሉ፣ ማታ ዐይናቸውን ሲከድኑ ያቆማሉ። በመሐል ምሳ ይበላሉ። ሃያ አራት ዓመት ፊት ለፊታቸው ስኖር ከዚህ ዝንፍ ሲሉ ያየሁት አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱም ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት ስለነበር ነው። ያኔም ቢሆን በእጃቸው ይናደዱ ነበር።

እዚህ ካስቴልቬኖ በምትባል የጣልያን ከተማ ውስጥ ጠና ያለችን ሴት "ሶራ" ይሏታል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። ሶራ ሴቲሚያ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው እስከ ትከሻዬ ቢደርስ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከቤታቸው ተነሥቶ ሸለቆውን ይሻገርና ማዶ ያለውን ውሻ ያስጮኻል። ሁልጊዜ ሰማያዊ ሽርጥ ያደርጋሉ። የሽርጡ የቀኝ ኪስ ከግራው ዝቅ ብሎ ተወጥሯል፤ ቁልፉ ያለው እዚያ ኪስ ውስጥ ስለሆነ።

ቁልፉ የመቃብር ነው። አትደንግጡ፣ የተቀበሩት ሰዎች ከሞቱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል! ከሮማውያን በፊት እዚህ አገር የነበሩት ኤትሩስካውያን ዐለት ፈልፍለው የሠሩት አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ግብዣ ተስሏል፤ ጋደም ብለው የሚጠጡ ባልና ሚስት፣ ዋሽንት ነፊ፣ ቀሚሷን ይዛ የምትጨፍር ሴት፣ ከማዕዱ ሥር ደግሞ አንድ ቢጫ ውሻ። በውሻው ስም "የውሻው መቃብር" ይባላል። ያገኙት የሶራ ሴቲሚያ አባት ኦሬስቴ ናቸው። ወይን ሊተክሉ ሲቆፍሩ አንድ እግራቸው እስከ ታፋቸው ድረስ መሬት ውስጥ ሰመጠ። "አባቴ መጀመሪያ ያለው 'ወይኔ እግሬ' ነው እንጂ 'ወይ ታሪክ' አይደለም" ይላሉ ልጃቸው። ማዘጋጃ ቤቱ በር አስገጥሞ ቁልፉን ለኦሬስቴ ሰጠ፣ ከኦሬስቴ ወደ ሴቲሚያ ተላለፈ፤ ይኸው አርባ ዓመት ሊሆነው ነው።

ሕጉ አጭር ነው። በሩ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ይከፈታል፣ ከዚያ እስከ ማርች ድረስ ቀለሙ እርጥበት እንዳያገኘው ይዘጋል። በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ አይገባም፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሰባቱን ደቂቃ ሶራ ሴቲሚያ የሚለኩት እንቁላል በምትመስል የወጥ ቤት ደወል ነው። የገባ ሁሉ ስሙን፣ አገሩንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ድሮ ለዚህ የሚሆን ትልቅ መዝገብ ነበረ፤ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ማሳተም ካቆመ ወዲህ ግን ነጠላ ወረቀት ነው የሚልክላቸው። ሶራ ሴቲሚያ ወረቀቶቹን በፌስታል ያጠራቅሙና ዓመቱ ሲያልቅ ወስደው ያስረክባሉ። ምን እንደተጻፈባቸው አያዩም። "እኔ በር ከፋች ነኝ፣ አስተማሪ አይደለሁም" ባይ ናቸው።

የንዴታቸው ዋና መጋቢ ግን ፕሮፌሰር ሆልብሩክ ነው። ለአንድ መንፈቅ ሮም መጥተው የሚማሩ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሰብስቦ በየኤፕሪሉ በአውቶቡስ ያመጣል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ዓመት አልቀረም። ልጆቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሽንት ቤት ነው፣ ሁለተኛ የሚጠይቁት ኢንተርኔት ነው፣ ሦስተኛ የሚጠይቁት "ሥዕሉ እውነተኛ ነው?" ብለው ነው። "አይ፣ ትናንት እኔ ነኝ የሳልኩት!" ይላሉ ሶራ ሴቲሚያ። ከልጆቹ አንዷ ይህን እውነት ብላ በማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች አሉ።

ፕሮፌሰሩ ራሱ ደግሞ ከመጽሐፍ የተማረውን ጣልያንኛ ቀስ እያለ እየመረጠ ይናገራል፤ "አምስት ደቂቃ ብቻ" ካለ ሰዓት ተኩል ነው። ውሻውን በተመለከተ አይስማሙም። እሱ ውሻው ነፍሳትን ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚሸኝ ምስጢራዊ ምልክት ነው ይላል። እሳቸው "አጥንት እየጠበቀ ነው። ከገበታ ሥር ያለ ውሻ ሌላ ምን ሥራ አለው?" ይላሉ። በዚህ አሥራ አንድ ዓመት ተጨቃጭቀዋል!

ባለፈው ማርች አንድ ጠዋት መስኮቴ ሥር ጩኸት ሰማሁ።

"ሙሎ! ነይ ውረጂ!"

ስሜ ሙሉእመቤት ነው። ጠቅላላው ከተማ ሙሎ ይለኛል፤ በነሱ ቋንቋ በቅሎ ማለት ነው። ከለመድኩት ቆይቷል። ወረድኩ። ሶራ ሴቲሚያ ደብዳቤ ይዘው ቆመዋል።

"አንብቢልኝ። አንብቤዋለሁ፣ ግን በንዴት ስላነበብኩት ልክ ላይሆን ይችላል።"

ልክ ነበር። ደብዳቤው ከቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ግድግዳው ላይ፣ ዋሽንት ነፊው እግር አጠገብ፣ ነጭ ሻጋታ ታይቷል። ሻጋታው ከምን እንደመጣ ለማወቅ ያለፈው ዓመት የፊርማ ወረቀቶች ተመርምረዋል። በምርመራውም ሁለት ጥፋት ተገኝቷል። አንደኛ፣ በሩ መዘጋት በሚገባው በኖቬምበር 4 ሃያ ሦስት አሜሪካውያን ገብተው ፈርመዋል። ሁለተኛ፣ በኤፕሪል 11 ቀጠሮ ይዘው የመጡ ሃያ ሦስት ሰዎች ሳይፈርሙ እንዲገቡ ተደርጓል፤ ወረቀታቸው የለም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ዶቶር ስፓዶኒ ኤፕሪል 10 ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ መጥቶ ቁልፉን ይረከባል።

"ኖቬምበር አራት የት ነበሩ?" አልኳቸው።

"የት እሆናለሁ? ወይራ ለቀማ ነዋ! በኖቬምበር ወይራ የማይለቅም ማን አለ? ቄሱ እንኳ ይለቅማል!"

"ምስክር አለዎት?"

"ወይራው!"

"ሶራ ሴቲሚያ፣ ወይራው አይመሰክርም።"

"ዘይቱን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አፈስለታለሁ፣ ያኔ ይመሰክራል።"

ማዘጋጃ ቤት አብረን ሄድን። የሆነውም ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ በፌስታል ተጠቅልለው የመጡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አቃንቶ፣ በቀናቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ አቃፊ ውስጥ አስገብቷቸዋል። የኖቬምበሩ ወረቀት ከሁሉም ኋላ ለብቻው ተቀምጧል። 4/11 ይላል፣ ሃያ ሦስት ጊዜ። ስሞቹ የትል ጉዞ ይመስላሉ፣ አንዱም አይነበብም።

"የኤፕሪል 11ዶቹ የፕሮፌሰሩ ልጆች አይደሉ? ደውለው ወረቀቱን አይጠይቁትም?" አልኩ።

"ደወልኩለት እንጂ! 'በእርግጥ ፈርመናል' አለኝ። 'ታዲያ ወረቀቱ የታል?' ስለው ስለ ውሻው አዲስ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው ብሎ ያወራልኛል! ውሻው ይብላው!"

እኔ ሶራ ሴቲሚያ ሲናደዱ ሃያ አራት ዓመት አይቻለሁ። ጉንፋን ሳይዛቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ግን ያን ዕለት ከማዘጋጃ ቤት ስንመለስ ነው። ዳገቱን ሁሉ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡት፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ። በራቸው ላይ ሲደርሱ "አባቴ አንድም ቀን አላጠፋም ነበር" አሉ፤ ገብተው ዘጉ። ከዚያ በኋላ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ!

ኤፕሪል 10 ደረሰ። ያው ዕለት ደግሞ የፕሮፌሰር ሆልብሩክ የጉብኝት ቀን ሆኖ ተገኘ።

"ሌላ ቀን አጥቶ ነው? ቁልፌን ሲወስዱብኝ ሃያ ስድስት ሰው ቆሞ ይይ ብሎ ነው?"

አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አደባባዩ ላይ ቆመ። ልጆቹ ተንጋግተው ናዛሬኖ ቡና ቤት ገቡ። ናዛሬኖ አርባ ዓመት ከባንኮኒው ኋላ የቆመ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። እኔና ሶራ ሴቲሚያ ጥግ ላይ ተቀምጠናል። እሳቸው ቡናቸውን አልነኩትም።

አንዲት ረጅም ልጅ፣ ብሪን የምትባል፣ እርጎ ገዝታ ከፈለችና ክዳኑን አየት አድርጋ ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"ይቅርታ፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል።"

ናዛሬኖ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ምን አልሽኝ?"

"አልፎበታል። ከአምስት ቀን በፊት።"

"እኔ? ያለፈበት እርጎ? በዚህ ቤት? እናቴ ከዚህ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ያረጀችበት ቤት!"

"ክዳኑ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ይኸው" አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። "4/5 ይላል። አምስተኛው ቀን። ዛሬ አሥር ነው።"

"አራተኛው ቀን ነው እንጂ ምን አምስተኛ! የሜይ አራት! ገና ሃያ አራት ቀን አለው! ሶራ ሴቲሚያ፣ ሰሙልኝ ይሄን? ሃያ አራት ቀን! ይህ እርጎ ሳይበላሽ አገሯ ድረስ ይገባል!"

ፕሮፌሰር ሆልብሩክ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በመሐል ገባ። "ናዛሬኖ፣ ናዛሬኖ፣ ተረጋጋ። ጥፋቷ አይደለም። እኛ አገር ወር ነው የሚቀድመው፣ ቀን ከኋላ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ እሷ ያነበበችው ኤፕሪል አምስት ብላ ነው። ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ ስለ ሮማውያን የቀን አቆጣጠር ማስተማር ጀመረ። አምስት ደቂቃ ብቻ አለ።

ሶራ ሴቲሚያ ከተቀመጡበት ተነሡ። ወንበሩ ወደቀ።

"ሙሎ" አሉ በሹክሹክታ። ሹክሹክታቸውን በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። "አራት፣ አሥራ አንድ።"

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ! ኤፕሪል አራተኛው ወር ነው። ኤፕሪል አሥራ አንድ! ሃያ ሦስት ፊርማ ያለ ሰው፣ ሃያ ሦስት ሰው ያለ ፊርማ፤ ሁለቱ ክሶች በአንድ ደብዳቤ ላይ ተራ በተራ ተጽፈው ሳለ ጎን ለጎን ያያቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔስ ብትሉ? በሁለት ዘመን አቆጣጠር ያደግሁ ሰው ነኝ። ዕድሜሽ ስንት ነው ስባል እንኳ "በማን አቆጣጠር?" ብዬ የምጠይቅ ነኝ። አላየሁትም! ጭንቅላቴን ግድግዳው ላይ ብመታው ደስ ባለኝ።

ፕሮፌሰሩን ላቋርጠው ስል ሶራ ሴቲሚያ ክንዴን ያዙኝ።

"ዝም በይ። እሱ ካስረዳ ዶቶሩ ተኝቶ ነው የሚሰማው። እኔ አሳየዋለሁ።"

ዶቶር ስፓዶኒ በአምስት ሰዓት ላይ ከመቃብሩ በር ደረሰ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሹል ጫማ አድርጎ፣ ያ የድንጋይ መንገድ ጫማውን እንዳይፍቀው በእግሩ ጣት እየሄደ፣ አቃፊውን በብብቱ ይዟል። ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ ተዘርረዋል።

"ሲኞራ፣ ይህ ለሁላችንም ደስ የማይል ጉዳይ ነው" አለ።

"ለእርስዎ ምኑ ደስ አይልም? ቁልፉ ከእኔ ኪስ ነው የሚወጣው።"

"ደንብ ነው፣ ሲኞራ። እኔ ደንብ አልሠራም።"

"በደንቡ ከሄድን እነዚህ ልጆች ቀጠሮ አላቸው። ይፈርሙና ይግቡ፣ ከዚያ ቁልፉን ይወስዳሉ። ወይስ ሃያ ስድስት ሰው ከሮም ድረስ መጥቶ በር አይቶ ይመለስ?"

ሰዓቱን አየና ትከሻውን ነቀነቀ። ሶራ ሴቲሚያ ንጹሕ ወረቀት አወጡ፣ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ዘርግተው በቁልፉ ተጫኑት። "ተነሡ! ሰልፍ! አንቺ ረጅሟ፣ ከሣሩ ተነሺ፣ እርጥብ ነው፣ እናትሽ ብታይሽ ምን ትላለች? ስም፣ አገር፣ ቀን፣ ፊርማ! ቀኑን ደግሞ በቁጥር!"

ፈረሙ። ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ ትል የመሰለ ፊርማውን አስቀመጠ። ሶራ ሴቲሚያ ወረቀቱን አንሥተው ለዶቶር ስፓዶኒ ሰጡት።

"መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ቀኑን ያንብቡልኝ፣ በኋላ ደግሞ ተሳስቷል እንዳልባል።"

መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል! እኔ ወደ ሸለቆው ዞርኩ፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ።

"ኦክቶበር አራት" አለ ዶቶሩ። "ኦክቶበር አራት... ኦክቶበር..." ገጹን ገልብጦ አየ፣ መልሶ ገለበጠ። "ምንድን ነው ይሄ? ዛሬ ኤፕሪል አሥር አይደለም እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እርስዎ ነዎት የተማሩት። ሃያ ስድስት ሰው ኦክቶበር ነው ካለ ኦክቶበር ይሆናል። እንግዲህ ለኦክቶበርም ይክሰሱኛ!"

ብሪን እጇን አነሣች፣ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል። "4/10 ማለት ኤፕሪል አሥር ነው" አለች በተሰባበረ ጣልያንኛ። "እርጎው ላይም እንዲሁ ነው የተሳሳትኩት።"

ዶቶሩ ስለ እርጎ ምንም አልገባውም። ግን እጁ ከራሱ ቀደመ፤ አቃፊውን ከፍቶ የኖቬምበሩን ወረቀት አወጣ፣ ከአዲሱ ጋር አስተያየው። ፕሮፌሰር ሆልብሩክ በትከሻው ላይ አጎንብሶ አየና ፊቱ በራ።

"አ! ይህማ የእኔ ፊርማ ነው! ያለፈው ዓመት ልጆቼ ናቸው። እንዴት ያሉ ጎበዞች ነበሩ! ይህን የት አገኛችሁት?"

ሶራ ሴቲሚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"የት አገኛችሁት! ወር ሙሉ አልተኛሁም! በስልክ ስለ ውሻ ያወራልኛል! አሥራ አንድ ዓመት በሬን ከፍቼልህ አንድ ቀን ወረቀቱን ላሳይህ ብዬ አስቤ ቢሆን ኖሮ... ሂድ ከፊቴ! አይ፣ አትሂድ፣ እዚህ ቁም፣ ለዶቶሩ ድገምለት!"

ደገመለት። በጣም አስረዝሞ ደገመለት፣ ዶቶሩ ግን አልተኛም፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሲጨርስ ዶቶሩ አሮጌውን ወረቀት አቃፊው ውስጥ መልሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ... ሁለቱም ጥፋቶች... አንድ ላይ ይሰረዛሉ ማለት ነው። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይቆያል፣ ሲኞራ። ሪፖርቱን አስተካክላለሁ። ሻጋታው ግን አለ። በሩ በኖቬምበር ካልተከፈተ ከየት መጣ?"

"አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ! ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስፈልግ ነበር። ይግቡና ላሳይዎት።"

ዶቶሩ ወደ በሩ ተራመደ። ሶራ ሴቲሚያ ክንዳቸውን በሩ ላይ አገደሙ።

"አሥር ሰው። የመጀመሪያዎቹ አሥር እነዚህ ናቸው፣ ፈርመዋል። እርስዎ አሥራ አንደኛ ነዎት። ደግሞም አልፈረሙም።"

"እኔ እኮ የመሥሪያ ቤቱ..."

"ደንብ ነው። እኔ ደንብ አልሠራም።"

ዶቶር ስፓዶኒ ፈረመና ሰባት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆመ፣ ከብሪንና ከጓደኞቿ ጋር በሰልፍ። ደወሏ ጮኸች፣ አሥሩ ወጡ፣ ዶቶሩ ከሁለተኛው ዙር ጋር ገባ፤ እኔም በሩ ሥር ሆኜ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሶራ ሴቲሚያ ባትሪያቸውን ወደ ውሻው አላበሩም፣ ወደ ጣሪያው አበሩ። ከጥጉ ጀምሮ አንዲት ቀጭን እርጥብ መሥመር እስከ ዋሽንት ነፊው እግር ድረስ ትወርዳለች።

"ከዚህ በላይ ያለው የአትክልት ማሳ ነው። የውሃ ቧንቧው ተሰንጥቋል። ለመሥሪያ ቤታችሁ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ በየዓመቱ አንድ። ማን አነበበው?"

ዶቶሩ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

"አይነካም!"

እጁን ሰበሰበ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ፣ ተጠግቶ አየ፣ ርቆ አየ። ከኋላው ፕሮፌሰሩ ከዙሩ ውጭ ሾልኮ ገብቶ ስለ ነፍሳት መንገድ ሲያስረዳ ሶራ ሴቲሚያ ኮሌታውን ይዘው አስወጡት። ደወሏ ጮኸች።

"ሲኞራ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይጨምሩልኝ" አለ ዶቶሩ።

"ይውጡ።"

ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሹል ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ የሆነ ነገር እያሰላ ነበር። "ከሰዓት በኋላ መሐንዲስ ይዤ እመለሳለሁ" አለ። "ጊዜ እንዳይባክን ቁልፉን እስከዚያ ቢሰጡኝ... ለጥቂት ሰዓት ነው። ማታ እመልሳለሁ።"

ሶራ ሴቲሚያ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሽርጡ ወደ ቀኝ ዘመመ።

"ሲመጡ ያንኳኩ" አሉት። "እኔ እከፍታለሁ። አሁን ከበሩ ዘወር ይበሉልኝ፣ ሦስተኛው ዙር መግባት አለበት።"